የደበዘዘ የመኪና ቀለም ሳይቀባ እንዴት ይመለሳል?

«ቀለሙ ሞቷል፤ አንዴ ሙሉ ቅብ ይፈልጋል።» መኪናው ዕድሜ የጠገበ ሰው ጋራዥ ሲገባ ቶሎ ከሚሰማቸው ምክሮች አንዱ ይህ ነው። ምክሩን ከመቀበላችሁ በፊት ግን ቆም በሉ። ያገለገለ መኪና ሻጭና ገዢ ሲገናኙ ከሞተሩ ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ «ቀለሙ የራሱ ነው?» የሚል ነው፤ ጥያቄውም በቂ ምክንያት አለው። የፋብሪካ ቀለም ባዶ ቦዲ ላይ ተረጭቶ፣ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሚሞቅ ምድጃ ውስጥ የበሰለ ነው። ጋራዥ ሲደርስ ጎማው፣ ፕላስቲኩና ሽቦው ሁሉ ስለተገጠመ ያን ያህል ሙቀት መስጠት አይቻልም፤ ጥሩ ምድጃ ያለው ጋራዥ እንኳ የሚያደርቀው በ60 ዲግሪ ገደማ ነው። ምድጃ የሌለው ደግሞ በአየር ላይ ያደርቃል፣ አቧራውም እርጥቡ ቀለም ላይ ያርፋል። ስለዚህ የደበዘዘውን የፋብሪካ ቀለም ማዳን ከተቻለ ከአዲስ ቅብ ይሻላል። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ይቻላል፤ ያውም በገዛ ግቢያችሁ፣ በሁለት ቀን የእረፍት ጊዜ ውስጥ።

መጀመሪያ የምትነኩትን ነገር እወቁ

ከላሜራው ተነስተን ወደ ላይ ስንሄድ ዝገት የሚከላከለው ንብርብር አለ፤ በላዩ ፕራይመር (ቀለሙ የሚያርፍበት መሠረት ቅብ)፣ ከዚያ ቀለሙ ራሱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ክሊር የሚባለው ቀለም አልባ ሽፋን ይመጣል። ሁሉም ተደምሮ በአብዛኞቹ መኪኖች ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ይሆናል። ክሊሩ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑን ስታስቡ ምን ያህል ስስ ነገር ላይ እንደምትሠሩ ይገባችኋል።

መኪና የሚያብረቀርቀው ይህ ክሊር ለጥ ያለ ሲሆን ነው። ነፋስ ያልነካው ውሃ የዳሩን ዛፍ መልሶ እንደሚያሳይ፣ ለጥ ያለ ክሊርም ያረፈበትን ብርሃን ሳይበትን ይመልሳል። ደቃቅ ጭረት ሲሞላው ብርሃኑ ወደየአቅጣጫው ይበተንና ጥቁሩ መኪና ግራጫ፣ ሰማያዊው አመዳም ይመስላል። ኮምፓውንድና ፖሊሽ የሚባሉት፣ ደቃቅ ሻካራ ቅንጣት ያለባቸው ማሻ ቅባቶች፣ የሚሠሩት ሥራ በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ክሊር በጥቂቱ ቆርጦ ከጭረቱ ወለል ጋር ማስተካከል ነው። ማለትም የሚጨመር ነገር የለም፤ የሚነሳ ክሊር ነው ያለው። አንድ ዙር ኮምፓውንድ እንደ ጥንካሬው 1፣ 2 ወይም 3 ማይክሮን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። የተወሰደው ደግሞ አይመለስም። ከዚህ በታች ያለው እያንዳንዱ ደረጃ ይህን አንድ ነገር ታሳቢ ያደረገ ነው፦ ችግሩን የሚፈታውን ያህል ብቻ ውሰዱ፤ የቀረውን አጥብቃችሁ ጠብቁ።

እዚህ ከተማ ቀለሙን የሚያደበዝዘው ምንድን ነው?

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ለምድር ወገብም ቅርብ የሆነች ከተማ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ያድጋል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐዩ የዋህ ይመስለናል እንጂ፣ ቀኑን ሙሉ ስታዲየም አካባቢ ወይም ቸርችል ጎዳና ዳር የቆመ መኪና ጣሪያውና ኮፈኑ በየቀኑ እየተጎዳ ነው። መኪናችሁን ተመልከቱት፤ በሮቹ ደህና ሆነው ጣሪያው፣ ኮፈኑና የኋላ ኮፈኑ ብቻ ከደበዘዙ ጥፋተኛው ፀሐይ ነው።

በዚህ ላይ አቧራው አለ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በካዛንቺስ በተካሄደው ማፍረስና ግንባታ መኪናውን እዚያ የሚያሳድር ሰው ጠዋት ጠዋት የሚያገኘውን ነጭ ዱቄት ያውቀዋል። ከውስጡ ሲሚንቶም አሸዋም አለበት። ሲሚንቶ ውሃ ሲነካው ክሊርን የሚበላ አልካሊ ይሆናል። የአሸዋው ቅንጣት ደግሞ ከክሊሩ በብዙ እጥፍ የጠነከረ ነው።

እኔ ግን ከፀሐዩም ከአቧራውም አብልጬ የምፈራው ጨርቁን ነው። የተለመደውን ትዕይንት በቅርብ ሆናችሁ እዩት። መኪና ስታቆሙ ልጁ ባልዲውን ይዞ ይመጣል፣ «ጋሼ፣ ልጠብልዎት?» ይላል፤ ትስማማላችሁ። ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነከር ያደርግና አቧራ የጠጣውን ኮፈን በሰፊው ክብ ክብ እያደረገ ይጠርገዋል። ከዚያ ያንኑ ጨርቅ ጎማው ላይ፣ እንደገና በሩ ላይ ያሳልፈዋል። ውሃው ሻይ መስሏል፤ ባልዲው ሥር የተቀመጠው ደለል ጨርቁ በገባ ቁጥር አብሮ ይወጣል። ልጁ በትጋት ነው የሚሠራው፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ብዙ ውሃና ንጹሕ ጨርቅ የሚሰጠው ሰው የለም። ግን መኪናው በፀሐይ ሲታይ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት የሚታይበት ከዚህ የተነሳ ነው። መኪናውን ሳያጥቡ በደረቁ መጥረግ ደግሞ ከዚህም ይብሳል።

ይድናል ወይስ አይድንም?

ብር ከማውጣታችሁ በፊት መኪናውን መርምሩ።

ክሊሩ ተነስቶ ነጭ ቅርፊት እየሠራ ከሆነ፣ ዳርና ዳሩም በጥፍር ሲነካ የሚላጥ ከሆነ ያ ክፍል በፖሊሽ አይመለስም። ማሸት ቁስሉን ያሰፋዋል እንጂ አይዘጋውም። ያንን ክፍል ብቻ አስቀቡ፤ የቀረውን መኪና ግን አትርፉት።

ጭረት ካለ ጥፍራችሁን በአግድም ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉበት። ጥፍር ከያዘው ጥልቅ ነው፤ ለማጥፋት ብትሞክሩ ክሊሩን ትጨርሱታላችሁ። ጠርዙን አለስልሳችሁ እንዳይታይ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ከዚያ በላይ አትመኙ።

መኪናችሁ ክሊር ያለው መሆኑንም አረጋግጡ። ነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ ፖሊሽ አድርጉና የማይታይ ቦታ ላይ እሹት። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ክሊር የሌለው ባለ አንድ ንብርብር ቀለም ነው፤ በጥንቶቹ ላዳዎችና የቆዩ ኮሮላዎች ላይ የተለመደ ነው። እንዲህ ያለው ቀለም በፖሊሽ ደስ በሚል ሁኔታ ይመለሳል። ሥራው ላይ ስፖንጁ ቀይ ወይም ሰማያዊ ሲሆን ግን አትደንግጡ፤ የሚነሳው የሞተው የላይኛው ቀለም ነው።

ባትላሜራ የተሠራበትን (ተደብድቦ የተቃናውን ላሜራ) እና ጎድጓዳ የሚሞላበት ስቱኮ ያለበትን ቦታም ለዩ። በቀጭን ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት ላሜራው ላይ አሳልፉ፤ ስቱኮው ወፍራም በሆነበት ቦታ መያዙ ይደክማል። ጋራዥ የተቀባ ቦታ ክሊሩ የት ወፍራም፣ የት ስስ እንደሆነ ስለማይታወቅ እዚያ ለስላሳውን ፖሊሽ ብቻ ተጠቀሙ። ማት (የማያብረቀርቅ) ቀለም ያለው ወይም በስቲከር የተሸፈነ መኪና ከሆነ ፖሊሽን ጭራሽ አታስቡት።

አዲስ መኪና የገዛችሁ ሰዎች ኮምፓውንድ የሚባል ነገር አያስፈልጋችሁም። ስለ አጠባና ስለ ሰም የተጻፈውን ብቻ ተከተሉ።

ቦታ፣ ሰዓትና ዕቃ

ጥላ የግድ ነው። የጋለ ላሜራ ላይ ኮምፓውንድ ወዲያው ይደርቅና ራሱ ይጭራል። ጥላ ከሌላችሁ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ሠርታችሁ አቁሙ፤ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት አካባቢ ትቀጥላላችሁ። ዛፍ ሥር አትሥሩ፤ የባሕር ዛፍ ሙጫና የጃካራንዳ አበባ ገና የተወለወለው ኮፈን ላይ ይወርዳሉ። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ከሆናችሁ የሕንፃው ጥላ የሚያርፍበትን ወገን መርጣችሁ ጎረቤት ሳይይዘው ቀድማችሁ ያዙ። ከወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን እመርጣለሁ። ክረምት ላይ ዝናቡ አያሠራም፤ መጋቢት ላይ ደግሞ ንፋሱ አቧራ ያመጣል።

የሚያስፈልጓችሁ ሁለት ባልዲ፣ የመኪና ሻምፖ፣ ፀጉራም የእጅ ጓንት ወይም ወፍራም ማይክሮፋይበር፣ አሥር ያህል ንጹሕ የማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ ክሌይ ባር (ክሊሩ ላይ የተጣበቀ ቆሻሻ የሚያነሳ ለስላሳ ጭቃ)፣ አንድ መካከለኛ ኮምፓውንድ፣ አንድ ማጠናቀቂያ ፖሊሽ፣ ሰም ወይም ሲላንት (እንደ ሰም የሚቀባ ሰው ሠራሽ መከላከያ)፣ የወረቀት ፕላስተር፣ አልኮልና የሚረጭ ጠርሙስ ናቸው። ከተቻለ ደግሞ የፖሊሽ ማሽን ከአራት ስፖንጅ ጋር። ሶማሌ ተራና አካባቢው ባሉ የመኪና ዕቃ መደብሮች ስትጠይቁ ሻጩ ጥንካሬውን ሳይነግራችሁ «ይሄ ሁሉንም ይነቅላል» ብሎ አንድ ጣሳ ሊያቀብላችሁ ይችላል። ሁሉንም የሚነቅለውን አትግዙ። የጠነከረ የኮምፓውንድ ፓስታ ለጋራዥ ቀቢ ነው የሚጠቅመው፤ በብርጭቆ ወረቀት የታሸ አዲስ ቅብ ላይ የሚሠራ ሰው ነው የሚፈልገው። ለእናንተ መካከለኛውና ለስላሳው ይበቃሉ። ጣሳውን ነቅነቅ አድርጉት፤ ውስጡ የደረቀና የጠጠረ ከሆነ መልሱ፤ ክሊሩን ይጭራል።

ስለ ማሽን አንድ ምርጫ አለ፤ በዚህ ላይ አልደራደርም። በጋራዥ የምታዩት ቀጥ ብሎ የሚሽከረከረው ነው፤ ሙቀቱ አንድ ቦታ ላይ ስለሚከማች በጥቂት ሰከንድ ጠርዝ ላይ ያለውን ክሊር አቃጥሎ ፕራይመሩን ያሳያችኋል። ለጀማሪ የሚሆነው ዱዋል አክሽን የሚባለው፣ እየተሽከረከረ ወደ ጎንም የሚርገበገበው ነው። ሥራው ቢረዝምም ይቅር ባይ ነው። እሱን ካላገኛችሁ ቀጥ ብሎ የሚሽከረከረውን ከመሞከር በእጅ መሥራት ይሻላል።

አጠባ፦ ሁለት ጀሪካን ውሃ ይበቃል

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር «ብዙ ውሃ አፍስሱ» ማለት ቀልድ ይመስላል። ግን ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለአንድ የቤት መኪና ይበቃል፤ ቅደም ተከተሉን ካወቃችሁ።

መጀመሪያ ምንም ሳትነኩ በአትክልት ማጠጫ ወይም ክዳኑ በተበሳሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከጣሪያው ጀምራችሁ ውሃ አፍስሱ። አቧራው በውሃ ይሂድ እንጂ በጨርቅ አይገፋ። ለዚህ ግማሽ ጀሪካን ስጡት። አንዱ ባልዲ ሻምፖ ያለው፣ ሁለተኛው ባዶ ውሃ ይሁን። ጓንቱን ከሻምፖው አውጥታችሁ አንድ ክፍል ታጥባላችሁ፣ ወደ ሻምፖው ከመመለሳችሁ በፊት በባዶው ውሃ በደንብ ታለቀልቁታላችሁ። ደለሉ የሚቀረው እዚያ ነው። ከላይ ወደ ታች፣ በቀጥታ መስመር እጠቡ፤ ክብ አትሥሩ። ጎማና ከበሩ በታች ያለው ክፍል መጨረሻ ላይ፣ በሌላ ጨርቅ።

የዱቄት ሳሙና አትጠቀሙ፤ አልካሊው ለጎማውም ለቀለሙም ጥሩ አይደለም። ለዚህ አንድ ቀን ብቻ ግን የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ትንሽ ጠብ ብታደርጉበት እፈቅዳለሁ፤ የቆየውን ሰምና ቅባት ስለሚያነሳ ክሊሩን ራቁቱን ታገኙታላችሁ። ከዚያ በኋላ ባሉት አጠባዎች ወደ ሻምፖው ተመለሱ።

ውሃው መኪናው ላይ ይደርቅ ዘንድ አትተዉት። ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ማዕድን ስለሚበዛበት ሲደርቅ ነጭ ክብ ምልክት ይተዋል። ማይክሮፋይበሩን ዘርግታችሁ በላሜራው ላይ ጎተት አድርጉት፤ አትሹት።

በመታጠብ የማይወጣው ቆሻሻ

መኪናው ከደረቀ በኋላ እጃችሁን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገቡና ኮፈኑ ላይ በቀስታ አሳልፉት። በባዶ እጅ ልሙጥ የመሰለው ላሜራ በፌስታሉ ውስጥ አሸዋ የተበተነበት ያህል ሲሻክር ትሰማላችሁ። የፍሬን ብናኝ፣ የአስፋልት ሬንጅ፣ የሲሚንቶ ነጠብጣብና የዛፍ ሙጫ ክሊሩ ላይ ተጣብቀው ነው። ይህ ሳይነሳ ፖሊሽ ከጀመራችሁ ማሽኑ እነዚህን ቅንጣቶች እየነቀለ በመኪናው ላይ ያሽከረክራቸዋል።

በየዓይነቱ አንሷቸው። ሬንጅ በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ይለቃል፤ ጥቂት አድርጉና ቦታውን ወዲያው በሳሙና እጠቡ፣ እሳትም ሲጋራም አታቅርቡ። ሲሚንቶ ከሆነ አትፋቁ። አቼቶ ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ጨርቅ ንከሩና ነጠብጣቡ ላይ አስተኙት፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አሲዱ ሲሚንቶውን ያላላዋል። ቀስ ብላችሁ አንስታችሁ በብዙ ውሃ እጠቡት፤ ካልወጣ ደግሙት። የውሃ ምልክቱንም አቼቶው ያነሳዋል። አልሙኒየምና ኒኬል ክፍሎች ላይ ግን አይቆይ።

የቀረውን ክሌይ ባሩ ያነሳዋል። ከጭቃው ሩቡን ቆርሳችሁ በእጅ አሙቁና እንደ ትንሽ ቂጣ ጠፍጥፉት። ሻምፖ ጠብ የተደረገበት ውሃ በጠርሙስ እየረጫችሁ፣ ሳትጫኑ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንሸራቱት። መጀመሪያ ይይዛል፣ ድምፅም ያሰማል፤ ከጥቂት ምልልስ በኋላ ዝም ብሎ መንሸራተት ይጀምራል። ያ ቦታ አልቋል ማለት ነው። ጭቃውን ገልብጣችሁ እዩት፤ ቡናማ ከሆነ እጠፉትና ንጹሑን ገጽ አውጡ። መሬት ከወደቀ ግን ምንም ያህል ቢያሳዝን ጣሉት፤ የያዘውን አሸዋ መልሳችሁ ማውጣት አትችሉም።

አንዳንድ መኪና እዚህ ደረጃ ላይ ብቻ ግማሽ ብርሃኑን ይመልሳል። ፌስታሉን እንደገና ሞክሩት፣ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

የሙከራ ቦታ

አሁን ጥላ ውስጥ የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ኮፈኑ ላይ ያዙት። በመብራቱ ነጸብራቅ ዙሪያ ክብ ክብ የሚሠራው ጭረት ይታያችኋል። በሮች ላይ ብዙም የለም፤ ኮፈን፣ ጣሪያና የሾፌሩ በር እጀታ ዙሪያ በብዛት አለ።

መኪናውን በሙሉ አትጀምሩ። ኮፈኑ ላይ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦታ በወረቀት ፕላስተር አጥሩ። እዚያ ላይ መጀመሪያ ለስላሳውን ማጠናቀቂያ ፖሊሽ በለስላሳ ስፖንጅ ሞክሩ። ጥረጉና በስልኩ መብራት እዩ። ጭረቱ ከጠፋ ወይም እናንተን የሚያረካችሁን ያህል ከሳሳ ኮምፓውንዱን ጭራሽ አትክፈቱት፤ መኪናውን በሙሉ በዚሁ ጨርሱ። ካልተነካ ያው ቦታ ላይ ለስላሳውን ፖሊሽ በጠንከር ባለ ስፖንጅ ሞክሩ። አሁንም ካልሆነ ብቻ ወደ ኮምፓውንዱ እለፉ። ይህ ሙከራ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ከእያንዳንዱ ላሜራ ላይ በከንቱ ሊነሳ የነበረውን ክሊር የሚያተርፍላችሁም እሱ ነው።

በማሽን ስትሠሩ

ፕላስተሩን የላስቲክ ጠርዞች፣ ጥቁር ፕላስቲክ፣ ባጅና የፍሬቻ ዙሪያ ላይ ለጥፉ። ኮምፓውንድ ጥቁር ፕላስቲክ ላይ ከደረቀ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ማስወጣቱ ፈተና ነው። የላሜራ ጠርዞችና የበር መስመሮች ላይም ለጥፉ፤ ክሊር በጣም ስስ የሚሆነው ሹል ጠርዝ ላይ ነው። አፍንጫችሁን በማስክ ሸፍኑ፤ የሚደርቀው ኮምፓውንድ ይበናል። ከአጠባው የቀረ ውሃ መሬት ላይ ካለ ኤክስቴንሽኑን ከፍ አድርጋችሁ አኑሩት።

አዲስ ስፖንጅ ላይ ኮምፓውንዱን በጣት ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፤ ከዚያ ሽንብራ የሚያህል አራት አምስት ነጥብ ጨምሩ። ማሽኑን ሳታስነሱ ስፖንጁን ላሜራው ላይ አሳርፉና በየቦታው እያስነካችሁ አዳርሱት፤ እንዲህ ካላደረጋችሁ ኮምፓውንዱ ፊታችሁ ላይና ግድግዳው ላይ ይረጫል። በዝቅተኛ ፍጥነት አዳርሱ፣ ከዚያ ከ6 ፍጥነት 4 ወይም 5 ላይ አድርጉት። እጃችሁ በቀስታ ይሂድ፣ በሰከንድ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል። አንዱ መስመር የቀድሞውን ግማሽ ይድረብ። መጀመሪያ በአግድም፣ ቀጥሎ በቁም፣ እንደገና በአግድም፣ እንደገና በቁም። ጫናው የማሽኑ ክብደትና ትንሽ የእጅ ድጋፍ ብቻ ነው፤ ስትጫኑት መርገብገቡን ትቶ ይቆምባችኋል።

ኮምፓውንዱን ተመልከቱት። መጀመሪያ ነጭና ወፍራም ነው፤ ሲሠራ ይሳሳል፣ በመጨረሻም ላሜራውን አሳልፎ የሚያሳይ ቅባት መሰል ስስ ሽፋን ይሆናል። ያኔ አቁሙ። ከዚያ በላይ መቀጠል ደረቅ ስፖንጅ ማሸት ነው። በየመሃሉ የእጃችሁን ጀርባ ላሜራው ላይ አሳርፉ፤ ለብ ካለ ደህና ነው፣ እጅ ካላስቆየ ሌላ ቦታ ሄዳችሁ ተመለሱ። ፓራውልት ፕላስቲክ ስለሆነ ሙቀቱን አያስተላልፍም፤ እዚያ ፍጥነቱን ቀንሱ፣ ዙሩንም አሳጥሩ።

እያንዳንዱ ክፍል ሲያልቅ ስፖንጁን በጥርስ ብሩሽ አራግፉት። የተጠቀጠቀ ስፖንጅ ይሞቃል፣ አይቆርጥም፣ ይጭራል። መኪናውን በአንድ ስፖንጅ መጨረስ አይቻልም፤ አራት ያልኩትም ለዚህ ነው።

መብራት ከጠፋ ማሽኑን ከላሜራው አንስታችሁ ማብሪያውን አጥፉ። ሳታጠፉ ካስቀመጣችሁት መብራት ሲመጣ በራሱ ተነስቶ የሚያገኘውን ይመታል። ላሜራው ላይ የቀረውንም ኮምፓውንድ ሳይደርቅ ጥረጉት።

ኮምፓውንድ ከተጠቀማችሁ ሥራው አላለቀም። ጭረቱ ጠፍቶ በምትኩ ስስ ጉም የመሰለ ነገር፣ በተለይ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ መኪና ላይ ትታዘባላችሁ። ያንን ጉም የሚያነሳው ማጠናቀቂያው ፖሊሽ ነው፤ በለስላሳ ስፖንጅ፣ በቀነሰ ፍጥነት፣ በተመሳሳይ አኳኋን። ነጭና ብርማ መኪና ያላችሁ ሰዎች ጉሙ በዓይን አይታያችሁም፤ እናንተም ግን አትዝለሉት።

ማሽን ለሌላችሁ

የእጅ ሥራ የደበዘዘውን ብርሃን ይመልሳል፤ ክብ ክብ ጭረቱን ግን ያሳሳዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ይህን አውቃችሁ ግቡበት። የመዳፍ ስፋት ያለው ስፖንጅ ያዙ፣ ቦታውን ወደ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር አሳንሱ፣ በእኩል ጫና በቀጥታ መስመር ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ከዚያ በአግድም ሂዱ። ክንድ ሲዝል ጫናው ይዛባል፤ ስለዚህ በአንድ ቀን ኮፈንና ጣሪያ፣ በሌላው በሮችና ፓራፋንጎ እያላችሁ ከፋፍሉት። የጥርስ ሳሙና የሚመክራችሁ ካለ አትስሙ፤ የቅንጣቱ መጠን ለጥርስ እንጂ ለክሊር አልተለካም። በናፍጣ መወልወልም ለአንድ ቀን ያስመስላል፤ ቅባቱ ግን የቀኑን አቧራ በሙሉ ይዞ ይቀራል።

የብርጭቆ ወረቀት ነገርስ? ቁጥር 2000 ወይም 3000 ውሃ እየተደረገበት ጋራዥ የተቀባ ሸካራ ቅብን ያስተካክላል። የፋብሪካ ክሊር ላይ ግን ውፍረት መለኪያ ሳትይዙ እንዳትሞክሩት አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ጥቂት ምልልስ ብቻ ዓመታት የሚያገለግለውን ክሊር ይበላል።

አልኮል፣ ከዚያ ሰም

ፖሊሽ ውስጥ ያለው ዘይት ጭረቱን ሞልቶ ሊደብቅ ይችላል። ፋርማሲ ከሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል አንድ እጅ ከሦስት እጅ ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ረጭ ረጭ አድርጉና በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጥረጉ። አሁን በስልክ መብራት የምታዩት እውነተኛው ውጤት ነው። ካልረካችሁ የተወሰነ ቦታ ብቻ ድገሙ።

ወዲያው ሸፍኑት። ካርናውባ የሚባለው ከብራዚል ዘንባባ የሚገኘው ሰም ጥልቀት ያለው ውበት ይሰጣል፤ ግን እንደኛ ባለ ፀሐይ ከሁለት ወር ብዙም አያልፍም። ሰው ሠራሽ ሲላንት ከአራት እስከ ስድስት ወር ይቆያል፤ ደጅ ለሚያድር መኪና እሱን እመርጣለሁ። ሴራሚክ የሚባለው ጠንክሮ የሚደርቅ ሽፋን ከዓመት በላይ ይቆያል። ነገር ግን ሲደርቅ የተሳሳተውን ቦታ በፖሊሽ ብቻ ነው የምታነሱት፤ የመጀመሪያ ሥራችሁ ከሆነ ይቆያችሁ።

አቀባቡ ቀላል ነው። እጅግ ስስ አድርጉት፤ ወፍራም ሰም ማስወገዱ ይከብዳል እንጂ ጥበቃ አይጨምርም። ጣት ጫን አድርጋችሁ ስትስቡት ሳይለጠፍ ጥርት ብሎ ከተነሳ ደርቋል፤ በሁለት ጨርቅ፣ በአንዱ አንስታችሁ በሌላው ወልውሉ። በቅርብ የተቀባ መኪና ካላችሁ ግን ከአንድ እስከ ሦስት ወር ሰም አታድርጉ፤ ቅቡ ገና እየተነፈሰ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥንቃቄ

ሁለት ማይክሮፋይበር መኪናው ውስጥ ይኑራችሁ። መንገድ ላይ የሚያጥብላችሁ ልጅ ሲመጣ ጨርቁን ከእናንተ ስጡት፣ «ወንድሜ፣ መጀመሪያ ውሃ አፍስስበት፤ ጎማውን በራስህ ጨርቅ፣ መኪናውን በዚህ» በሉት፤ ለሁለተኛው ባልዲ ውሃም ጨምራችሁ ክፈሉት። ከሁለት ጊዜ በኋላ ሳትነግሩት ያደርገዋል። ላቫጆ ስትገቡም የሚጠቀሙበትን ብሩሽ እዩ፤ ለጎማም ለቦዲም አንድ ከሆነ ውሃና አረፋ ብቻ አስደርጋችሁ ማድረቁን ራሳችሁ ሥሩት።

የወፍ ኩስ እስከ ቅዳሜ አይቆይ። ፀሐይ ሲያገኘው በሰዓታት ውስጥ ክሊሩ ላይ ምልክቱን ያትማል፤ በደረቁ ከፋቃችሁት ደግሞ ውስጡ ያለው ጥሬና አሸዋ ይጭራል። የራሰ ጨርቅ አስተኙበት፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ሳትጫኑ ወደ ላይ አንሱት።

ሰሙ መቼ እንደሚታደስ የቀን መቁጠሪያ አያስፈልገውም። ኮፈኑ ላይ ውሃ አፍስሱ፤ ውሃው እየተሰበሰበ እንክብል ሠርቶ ከወረደ ሰሙ አለ። እንደ አንሶላ ተዘርግቶ ከቀረ ግን መኪናውን አጥባችሁ አዲስ ሰም ቀቡ፤ ኮምፓውንዱን ሳትነኩ።